የማህዲ የእንጨት ፎቅ

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ልጄ ቤት ነበርኩ። ግቢው ውስጥ የእንጨት ጥላ ሊያቆም አናጢ ጠርቷል። ድሬ መቼም ጥላ ማለት ሁለተኛ ቤት ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ወንበር ስቦ ሰው ሲሠራ ማየትና ያልተጠየቅሁትን መምከር ነው። አናጢው ግን ምክር የሚያስፈልገው አልነበረም። ምሰሶውንና አግዳሚውን አጋጥሞ በሳ፣ ቡሎኑን ከወዲያ በኩል በመዶሻ መትቶ አስገባ፣ ከወዲህ ሮንዴላውን፣ ያን ቀዳዳ ያለውን ክብ ብረት፣ አጥልቆ ዳዶውን በቁልፍ አጠበቀ። ጎበዝ ብዬ ሻሂዬን ስጠጣ መዶሻውን እንደገና አነሳና ከዳዶው ተርፎ የወጣውን የቡሎን ጫፍ ሊቀጠቅጥ ሰነዘረ።

«ተው!» አልኩት።

እኔው ራሴ በድምፄ ደነገጥኩ። አናጢው መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ፣ ልጄም ከውስጥ እየሮጠ ወጣ። ምስኪኑ አናጢ፣ ዳዶውን እንዳይሰርቁት ጫፉን ልግደለው ብሎ ነው። እውነቱን ነው፤ ጫፉ ከተቀጠቀጠ በኋላ ዳዶው ከቡሎኑ ጋር ይጣበቅና በምንም ቁልፍ አይፈታም። ግን ወደፊትም አይጠብቅም። እንጨቱ ሲደርቅ እየቀጠነ ይሸሻል፣ ያን ጊዜ የምታጠብቀው ታጣለህ ብዬ አስረዳሁትና ተቀመጥኩ። ሻሂዬን ላነሳ ብዬ ጭኔ ላይ ደፋሁት። ልጄ ስኳሩ ወርዶበት ነው ብሎ ሐኪም ቤት ሊወስደኝ ቃጣው።

ስኳር አይደለም። ማህዲ ነው።

ማህዲና እኔ ያደግነው መጋላ ሰፈር ነው። የነሱን ቤትና የኛን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ አጥር ነበር፤ እሱም ጎርፍ በመጣ ቁጥር ይፈርስና እስኪጠገን ድረስ አንድ ግቢ እንሆናለን። በረመዳን ማታ ሳምቡሳው በፈረሰው በኩል ይመጣል፣ በፋሲካ የእናቴ ዳቦ በዚያው በኩል ይሄዳል። አጥሩ ሲጠገን እናቶቻችን ሁለቱም ደስ አይላቸውም ነበር። ሃያዎቹን ስንጀምር ማህዲ አናጢ ሆነ፣ እኔ አንድ እህል መጋዘን ገባሁ። ከሥራ ስወጣ ግን እሱ ጋ ሄጄ የእንጨት አንዱን ጫፍ መያዝ ልማዴ ነበር።

ማህዲ አባቱን አያውቀውም። ያሳደገው የአባቱ ወንድም ዩሱፍ ነው። እኛ አዴሮ እንለዋለን፤ ሶማሌውም ኦሮሞውም አጎቱን እንዲያ ነው የሚጠራው፣ በድሬ ደግሞ የአንዱ አጎት የሰፈሩ ሁሉ አጎት ነው። ደገኛ አንባቢ አዴሮን እሱ እያልኩ ስጽፍ ባለጌ እንዳይለኝ፤ እኛ አገር አንቱታ ብዙም አይሠራም፣ ፍቅር በአንተ ነው። አዴሮ ዕድሜውን የፈጀው የባቡር ፉርጎ ሲጠግን ነው። ጡረታ ወጥቶ እንኳ እጁ መዶሻ እንደያዘ ሰው ትንሽ ጭብጥ ብሎ ነበር የሚውለው። ሚስት አላገባም። የሟች ወንድሙን ሚስትና ልጅ ጥሎ ሌላ ጎጆ መውጣት አልሆነለትም።

ታዲያ ማህዲ ቀፊራ ገበያ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ መደርደሪያ ሊሠራ ሄደና የነጋዴውን ልጅ አያት። ኑሪያ ትባላለች። አንድ መደርደሪያ ስንት ቀን ይፈጃል? ማህዲን አንድ ወር ፈጀበት። ዛሬ አንዱ ጣውላ ጠመመ፣ ነገ ቀለሙ አልደረቀም፣ እንዲህ እያለ። ነጋዴውም ሞኝ አልነበረም፤ ሽማግሌ ሲላክበት አልተገረመም። ልጁን አልነፈገም፣ ግን ልጄ ከአማትና ከአጎት ጋር በአንድ ቤት ታጭቃ አትኖርም፣ ለብቻዋ ክፍል ይሥራላት፣ አክስቶቿ መጥተው ይዩት፣ እነሱ ደህና ነው ካሉ ኒካው ይታሰር አለ። የአክስቶቹ ነገር የደንብ ብቻ አልነበረም። ሴቶቹ መጥተው ይቀመጣሉ፣ ሻሂ ይጠጣሉ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይነካሉ፣ ሄደውም የሚናገሩት የመጨረሻ ቃል ነው። በዚያ ላይ ከጅጅጋ አንድ ባለ ሀብት ኑሪያን ጠይቋል የሚል ወሬ ነበር። ማህዲ እንቅልፍ አጣ።

የነማህዲ ግቢ ጠባብ ነው፤ ወደ ጎን መስፋት አይቻልም። ስለዚህ ከቤቱ በላይ፣ በራሱ ምሰሶዎች ላይ የቆመ የእንጨት ፎቅ ሊሠራላት ተነሳ። ሰፈሩ ሳቀበት። እኔም ትንሽ ስቄአለሁ፣ ግን እንጨት እየተሸከምኩ ነው የሳቅሁት። ደረቅ ጣውላ ዋጋው አይቀመስም ነበርና ከደጋ በጭነት መኪና የመጣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ገዛን። ስንሰነጥቀው ውሃው እጃችን ላይ ይፈስ ነበር፤ ሽታው ልብሴ ላይ ቀርቶ እናቴ ጉንፋን የያዘኝ መስሏት ነበር።

ቡሎን ልንገዛ የወጣንበትን ጠዋት አልረሳውም። ፉል በልተን፣ ከባለ ብረቶቹ አንዱ ጋ ተቀመጥንና ማህዲ ሳጥን እያስወጣ ማማረጥ ጀመረ። እኔ ምስማር አይበቃም ወይ ስል ባለሱቁ እንኳ አዘነልኝ። የምሰሶና የተሸካሚው አግዳሚ መጋጠሚያ ጭነት ሲበዛበት ምስማር እየተነቀለ ይመጣል፣ ቡሎን ግን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ሁለቱን እንጨት አጥብቆ ይይዛል። ማህዲ የመረጠው ራሱ ክብ የሆነውን፣ ከራሱ ሥር አራት ማዕዘን አንገት ያለውን ነው። ክቡ ራስ ወደ መንገድ ሲሆን ለቁልፍ መያዣ የለውም፣ ሌባ ይዳብሰውና ይሄዳል። አራት ማዕዘኑ አንገት ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ሰምጦ ቡሎኑ አብሮ እንዳይዞር ይይዘዋል፤ አንተ ከውስጥ ብቻህን ዳዶውን ታጠብቃለህ። ርዝመቱን በገመድ ለካ። ቀዳዳው ከቡሎኑ እንዳይሰፋ፣ ሮንዴላው ሰፊ እንዲሆን፣ አለዚያ ዳዶው እርጥቡን እንጨት እየበላ እንደሚገባ ነገረኝ። ከሁሉ በላይ የተጨነቀው ዳዶው ለሚዞርበት ጥርስ ነው። ጥርሱ አጭር የሆነውን ሁሉ መለሰ። እንጨቱ እየደረቀ ሲቀጥን ዳዶው ወደ ውስጥ እየተከተለው መሄድ አለበት፣ በየሁለት ሳምንቱ ቁልፍ ይዘን እየዞርን እናጠብቀዋለን፣ ሙቀቱ ሲያልፍ ያን ጊዜ ቤት ሆነ ማለት ነው አለኝ።

እንደዚያው አድርገን ሠራነው። ጣሪያውን ቆርቆሮ አለበስን፣ መስኮቱን አረንጓዴ ቀባን። አዴሮ ሥር ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያየን ይውል ነበር። እርዳታ ሲያቀርብ፣ አንተ ተቀመጥ፣ ድካምህ ይበቃል እንለዋለን። አሁን ሳስበው እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው፤ የሆነ ነገር ሰጥተን ብናሠራው ኖሮ የሚቀጥለው ባልመጣ ነበር።

አንድ ቀን ሁለታችንም ከሥራ ስንመለስ አዴሮ ደረጃው ሥር ተቀምጧል። ሸሚዙ ከላቡ የተነሳ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ መዳፉ ውሃ ቋጥሯል፣ ፊቱ ግን ያበራል። ጨረስኩላችሁ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ሲያጠብቅና ጫፋቸውን ሲቀጠቅጥ ነው የዋለው፤ ዳዶና ቡሎን አንድ ሥጋ እስኪሆኑ። ፉርጎ ላይ የኖረ ሰው ነው። ፉርጎ እስከ ጅቡቲ ሲንቀጠቀጥ ይሄዳል፣ በየጣቢያው ሌባ አለበት፣ ስለዚህ ለነሱ ጫፉ ያልተገደለ ቡሎን ሥራው እንዳላለቀ ይቆጠራል። ብረት ከብረት ጋር ደግሞ አይሸሽም። እንጨት መሆኑን የዘነጋው በደስታ ነው። ለልጁ ሙሽራ የሰጠው ስጦታ ነበር።

ማህዲ አንዱን ቡሎን በጣቱ ነካው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ወዲያው ግን ጎንበስ ብሎ የአዴሮን መዳፍ ሳመና አላህ ያቆይልኝ አለው። ወደ ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«አቦ ታዴ፣ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ።»

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። የድሬን ግንቦት ያላየ ሰው እንጨት እንዴት እንደሚደርቅ አያውቅም። ፎቁ ሌሊት ሌሊት ይንጣጣ ጀመር። ተሸካሚው ከምሰሶው ራቅ ራቅ አለ፣ ወለሉ ሲረግጡት ወደ ጎን ይወዛወዛል። ማህዲ ቁልፍ ይዞ ሊያጠብቅ ሞከረ፤ ዳዶው ከቡሎኑ ጋር አንድ ስለሆነ ቡሎኑን ይዞት አብሮ ይዞራል፣ አንገቱም የላላውን እንጨት ፍቆ ቀዳዳውን አሰፋው። በወዲያ በኩል ያለው ክብ ራስ ደግሞ አይያዝም። ለሌባ ያልነው ለኛ ሆነ። ያለው መፍትሔ ሁሉንም በብረት መጋዝ ቆርጦ በአዲስ መለወጥ ነው። አዲሶቹን ቡሎኖች ገዝተን እኛ ቤት አልጋ ሥር ደበቅናቸው። ችግሩ አዴሮ ነው። ከፎቁ ምሰሶዎች አጠገብ ምንጣፍ አንጥፎ ከጓደኞቹ ጋር የጫት በርጫውን የሚቀመጠው እዚያው ነው፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ቀና በል እያለ ቡሎኖቹን ያሳያል።

ለምን አትነግረውም አልኩት ማህዲን። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ይቆጣ እንደሆነ ይቆጣ።

«ታዴ፣ ይሄ ሰው በኔ የተነሳ ሚስት ሳያገባ ቀረ። አሁን የኔን ሚስት ቤት አበላሸህ ልበለው?»

ሌላ ዘዴ ፈለግን። አዴሮ ሐሙስ ዕለት ሁርሶ ያለች እህቱን ሊጠይቅ እንደሚሄድ ሰምተናል። ያን ቀን እኔ ከመጋዘን ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እንቆርጣለን፣ እሱ ሳይመለስ አዲሱን ጫፍ ራሳችን ጥቂት መታ መታ አድርገን የሱ እናስመስለዋለን። እንዲህ ተስማማን። ማክሰኞ ማታ ግን የኑሪያ አክስቶች ነገ እንመጣለን ብለው ላኩ። የጅጅጋው ሰው ነጋዴውን አጣድፎታል።

ረቡዕ ከሰዓት መጡ፤ ሰባት ስምንት ሴቶች፣ ሽቶአቸው ከነሱ ቀድሞ ግቢውን ሞላው። የማህዲ እናት ሳምቡሳውን፣ ሀላዋውን፣ ቴምሩን በትሪ ደርድራ ፎቁ ላይ አውጥታለች። እኔና ማህዲ እንዳይበዙ ብለን ሁለት ሁለት እያደረግን ወደ ላይ ልናወጣቸው ሞከርን፣ ማን ይሰማል። ተንጋግተው ወጡ። አዴሮ አዲስ ኮፍያውን አጥልቆ የፎቁ በር አጠገብ ተቀምጧል፣ ገና ሳይረጋጉ ይሄን ሁሉ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ አላቸው። ሴቶቹ ማሻ አላህ አሉ። ከዚያ ከመሃላቸው አንዷ ለመቀመጥ ስትል ወለሉ ወደ ጎን ሄዶ ተመለሰ። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። ሴቶቹ ባሉበት ግድግዳውን ያዙ።

ታላቅየዋ አክስት ሞሚና ትባላለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ይሄን መመስከር አለብኝ። ድምጿን ሳታነሳ ማህዲን ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ይሄ ቤት ለምን ይነቃነቃል?»

ማህዲ አዴሮን አየው። አዴሮ መሬት መሬት ያያል። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ማህዲ ሳይዞር ከኋላው እጄን ያዘና ጨመቀው። አሁንም ይሰማኛል ያ ጭመቃ። ሁለት ቀን ስጡኝ፣ ቡሎኑን ልለውጠው ቢላቸው ኖሮ ሴትዮዋ እሺ የምትል ዓይነት ነበረች። እሱ ግን የተናገረው ሌላ ነው።

«የኔ ጥፋት ነው። የእንጨት ሥራ ገና አላወቅሁበትም» አለ።

አናጢ ነኝ ብሎ ልጅ የጠየቀ ሰው የእንጨት ሥራ አላወቅሁበትም ካለ ሌላ ምን ይጠየቃል? ሞሚና አላህ የተሻለውን ያምጣ ብላ ተነሳች። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንድ በአንድ ወረዱ። ሻሂው አልተነካም። በሳምንቱ ጊዜው አይደለም የሚል መልስ በሽማግሌ መጣ። ኑሪያ ክረምቱ ሳይገባ ለጅጅጋው ሰው ተዳረች።

ማህዲ አልጮኸም፣ አልሰከረም፣ ማንንም አልወቀሰም። ነሐሴ ላይ ጅቡቲ ሥራ አገኘሁ ብሎ ተነሳ። ወደ ባቡር ጣቢያው ስንሄድ መንገዱ ዳር በለስ የሚልጡ ሴቶች ነበሩ፤ ቆመን በላን፤ እሱ እየበላ ይስቃል፣ እኔ የመጨረሻዬን ለሱ አቀበልኩት። አዴሮ ሊሸኘው አልመጣም። እኔ ተመልሼ ግቢያቸው ስገባ ያገኘሁት ፎቁ ላይ ነው፤ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ የብረት መጋዝ ይዞ፣ የገደላቸውን ቡሎኖች አንድ በአንድ ይቆርጣል። ቀና ብሎ አየኝ። መልሶ ወደ መጋዙ አጎነበሰ። ወደ ቤት ሄጄ ከአልጋ ሥር አዲሶቹን ቡሎኖች አመጣሁለት። የት አገኘሃቸው እንኳ ሳይል ተቀበለኝ። ያን ቀን አብረን እስኪመሽ ሠራን። ፎቁ ከዚያ ወዲህ ፍንክች ብሎ አያውቅም፤ ግን ማንም ሙሽራ አልገባበትም፣ የማህዲ እናት እስክትሞት ሽንኩርት ታሰጣበት ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈና አዴሮ በሳንባው ታመመ። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን፣ እንደ ዋዛ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ጀመረ። ብርጭቆው ሲንቀጫቀጭ ነው የገባኝ አለ። የገዛ እጄ ሥራ መሆኑን ያኔውኑ አውቄአለሁ። ማህዲ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አጎቴ ነው ያበላሸው ቢል ኖሮ ተነስቼ የሞሚና እግር ላይ ወድቄ አንድ ሳምንት እለምናት ነበር አለኝ።

ታዲያ ለምን ራስህ አልተናገርክም አልኩት። ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ ነበር።

«እሱ ጥፋቱን ለራሱ ሲወስድ ልጅቷን አልፈለጋትም አልኩ። ምክንያት አግኝቶ ሊወጣ ነው አልኩ። ልጁ ያልፈለጋትን በግድ ላጋባው?»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ዓመት ሞተ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን ነቅዞ አይቻለሁ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች አንዱ ሌላውን ላለማሳፈር ብለው ዝም ቢሉ፣ አንዱ ዕድሜውን በባዕድ አገር ፈጀ፣ ሌላው በገዛ መዶሻው ጸጸት እየተቃጠለ ሞተ። እዚያ የቆምኩት እኔም አንዲት ቃል አላልኩም። የአዴሮንም ቃል ለማህዲ አላደረስኩም። በየዒዱ ይደውላል፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቹ እናወራለን፣ ሊነግረኝ የማይፈልገውን አልጠይቀውም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ማህዲ ደግሞ አዴሮ እስከ መጨረሻው ምንም እንዳላወቀ አምኖ፣ ቢያንስ ይሄ ተርፎልኛል ብሎ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ይህችን ልንጠቀው?

ቅዳሜ ዕለት ግን፣ ከዚያ ጩኸቴ በኋላ፣ አልቻልኩም። ልጄ ቤት ጓዳ ገብቼ ራሴ ደወልኩለት። አዴሮ ያለውን አንድም ሳልቀንስ፣ ቃል በቃል ነገርኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ማህዲ፣ ማህዲ አልኩ።

«አለሁ» አለ። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እስከዚያ ቀን አላስተዋልኩትም ነበር። «እኔ እኮ እሱ እንዳያፍር ብዬ ነው፣ ታዴ።»

አውቃለሁ አልኩት።

«ኑሪያስ? እሷም አልፈለገኝም ብላ ነው የሄደችው?»

አላውቅም አልኩ። ይህ እውነት ነው፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«ደህና ናት ግን?»

ኑሪያ ጅጅጋ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏታል። የአጎቷ ልጅ ነው የነገረኝ፣ ለቅሶም ደርሻለሁ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ከዚያ ያ የደከመ ድምፁ፣ እዚያ ማዶ ብቻውን ስልክ ይዞ መቀመጡ ታየኝና ደህና ናት፣ የልጅ ልጅ አይታለች አልኩት። አልሐምዱሊላህ አለ፤ ደጋግሞ አለው። ሰላም በልልኝ ብሎ ዘጋ።

ልጄ አናጢው ጨርሷል፣ ና እይ ብሎ ከውጭ ተጣራ። ጓዳው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ማህዲ ያን ዕለት እውነቱን ለምን ደበቀ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈርድበት ኖርኩ፤ ተራዬ ሲደርስ እኔም ያንኑ አደረግኩ።